ብሬስ መሸጥ ሲችሉ «አያስፈልግሽም» ላሉኝ ባለሙያ

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልችልም። ስማቸውን ግን እዚህ አላወጣም። «ስሜን ተይው፣ የተቸገረ ሰው ካለ ላኪልኝ» ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የእግር፣ የእጅና የጀርባ ድጋፍ (ብሬስ) የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ሙያቸው ኦርቶቲስት ይባላል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

ስኮሊዮሲስ አለብኝ። የጀርባ አጥንቴ ወደ ጎን ተጣሟል። መጀመሪያ ያየችው እማዬ ናት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ፀጉሬን እየሠራችኝ «ቀኝ ትከሻሽ ለምን ከፍ አለ?» አለችኝ። ከዚያ ወጌሻ አሸኝ፣ ጠበል ተጠመቅኩ። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ራጅ ተነሳሁ። «ችግር የለውም፣ ሲያድጉ ይተዋል» ተባልንና ወደ ቤታችን ተመለስን። ገና በማድግበት ጊዜ ብሬስ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አልተወኝም። ቀሚስ ሳሰፋ አንዱ ጎን ዝቅ ይላል፤ ልብስ ሰፊዬ ታውቃለችና ሳልነግራት ታስተካክልልኛለች። ነጠላ ስለብስ አይታይም። እንደዚሁ ኖርኩ። መምህር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ግን ወገቤ ሥራ አላስቆም፣ ሌሊት አላስተኛ አለኝ። ሕክምና ፍለጋ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙ ይቅር። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ እንኳን አልሰቀለውም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ገለጥ አድርጎ አየውና «ኦፕራሲዮን ካላደረግሽ ሳንባሽን ይጫነዋል፣ ቆይቶ መራመድም ያቅትሻል» አለኝ። ቀጥሎ ያወራኝ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ነው። የት ቦታ እንደሚያምሽ፣ መቼ እንደሚብስብሽ፣ ልጆች እንዳሉሽ የሚል ጥያቄ የለም። መጣመሙ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ብጠይቀው «እሱን ለእኛ ተይው» አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ያን ሰሞን ልጆቼን ባየኋቸው ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። «ኦፕራሲዮን ምን ያደርግልሻል! ይቺን ብሬስ አድርጊ፣ በጥቂት ወራት ቀጥ ትያለሽ።» ዋጋው የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ተበድሬ ከፈልኩ። ልብ በሉ፣ ሰውነቴን የለካ የለም። መደርደሪያ ላይ ከተደረደረው አንዱን አውርደው ነው ያጠለቁልኝ። ብብቴ ሥር ይቆርጠኛል፣ የዳሌ አጥንቴን ይፍቀኛል። ቆዳዬ ተልጦ ቆሰለ። ተመልሼ ሄጄ ቁስሉን ሳሳያቸው «ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ትለምጂዋለሽ! ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ የተጠቀምሽበት ዕቃ አይመለስም ተባልኩ።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ያንን ብሬስ በፌስታል ይዤ ነው። ለልጇ የእግር ድጋፍ ያሠራች የሥራ ባልደረባዬ ናት የጠቆመችኝ። የጠየቅኳቸውም ትንሽ ነገር ነበር፦ ጠርዙን ይቁረጡልኝና እንዳይቆረቁረኝ።

ብሬሱን ተቀበሉኝ። አገላበጡት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና «ልጄ፣ እሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ አንቺን ልይሽ» አሉ። ረዳታቸውን ጠርተው «እህቴ፣ ቁስሏን ጥረጊላት» አሉ። ልጅቷ ቁስሌን ጠርጋ በፋሻ ሸፈነችው። ለብሼ ስወጣ «የድሮ ራጅ አለሽ?» አሉኝ። አለኝ፤ እማዬ ከፍራሽ ሥር አስቀምጣዋለች። «በሚቀጥለው ስትመጪ እሱን ይዘሽ ነይ፤ ያለ እሱ ምንም አልልሽም» አሉኝ።

ይዤ ሄድኩ። የአሥረኛ ክፍሉንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፏቸው። እርሳስና ተማሪዎች የሚይዟትን ማዕዘን መለኪያ አወጡ። መስመር አሰመሩ፣ ለኩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና ለኩ። እንዴት እንደሚለካ አልገባኝም። ቁጥሩ ግን ገባኝ። የድሮው 37 ዲግሪ፣ የአሁኑ 40። «ይሄ ሦስት ዲግሪ በለካው ሰው እጅ የሚመጣ ልዩነትም ሊሆን ይችላል። አንድን ራጅ ሁለት ሰው ቢለካው እስከ አምስት ይለያያል። ጀርባሽ በዚህ ሁሉ ዓመት ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል» አሉኝ። ስንት ሌሊት ያስጨነቀኝ ነገር በእርሳስና በማዕዘን መለኪያ እልባት አገኘ። እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ጋሼ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ሻይ አዘዙልኝ።

ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ብሬስ እንጀራዬ ነው። ሠርቼ ብሸጥልሽ እጠቀማለሁ። ግን ብሬስ የሚይዘው የሚያድግን አጥንት ነው። አንቺ ማደግ ካቆምሽ ቆይተሻል፤ ቀጥ ያደርግሻል ያለሽ ሰው ዋሽቶሻል።» ሊሸጥ የሚችል ሰው «አትግዢ» ሲለኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ለልኬቱ ስከፍል እንኳን «ምን ሠራሁና?» ብለው መለሱልኝ።

ኦፕራሲዮንን ግን አላጣጣሉም። ይሄን በደንብ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሥራ ቦታቸው ላይ ጋና ሄዶ ጀርባውን ኦፕራሲዮን የተደረገ ወጣት አግኝቻለሁ፤ ቀጥ ብሎ ሲራመድ ማየት ያስደስታል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ለዓመታት ከኢትዮጵያ መጣመሙ በጣም የከበደባቸውን ልጆች ወደ ጋና፣ ወደ አከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቦዋቺ-አጄይ ሆስፒታል ሲልኩ እንደኖሩ የማያውቅ የለም። የእነሱ ጀርባ ከኔ ጋር አይወዳደርም። ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው፦ «ለሚያስፈልገው ሰው ሕይወት ነው። ለአንቺ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ግን የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ይንገርሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም።» የሁለት ሰው ስም በወረቀት ጻፉልኝ፦ የአንድ ቀዶ ሐኪምና የአንዲት ፊዚዮቴራፒስት።

ቀዶ ሐኪሙ ጊዜ ሰጥቶ አስረዳኝ። አጥንቱን በብረትና በብሎን ይዘው እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ያደርጉታል፤ የተያዘው ቦታ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም። በአዋቂ ላይ ከልጅ ይልቅ ከበድ ይላል፣ ማገገሙም ይረዝማል። ከ50 ዲግሪ ያለፈ ከሆነ ካደጉም በኋላ ቀስ እያለ ሊጨምር ይችላል። መጣመሙ እየባሰ ከሄደ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ በሌላ መንገድ አልያዝ ካለ ያኔ በቁም ነገር ይታሰባል። የኔን አይቶ «አሁን አያስፈልግሽም፣ በየጊዜው ቆመሽ ራጅ እየተነሳሽ እንከታተል» አለኝ። ሐኪም ማለት እንዲህ ነው። ሳያስፈራራኝ እውነቱን ነገረኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ መስታወት ፊት አቁማ አተነፋፈስ ታስተምረኛለች። ካታሪና ሽሮት የምትባል ራሷ ጀርባዋ የተጣመመ ጀርመናዊት ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረችው ዘዴ ነው አለችኝ። ጀርባዬ ቀጥ አላለም፣ አይልምም። ሕመሙ ግን ቀለለኝ። ልጄን አቅፌ ደረጃ እወጣለሁ። ሌሊት እተኛለሁ።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ቆይተው ደውለው «ቁስሉ ዳነ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የገዛ ዘመዴ ያልጠየቀኝን! ፈተና ስፈትን ቆሜ መዋል እንዳለብኝ ስነግራቸው ለዚያ ለዚያ ቀን ብቻ የምትሆን ቀለል ያለች ብሬስ ሠሩልኝ። ለሕመም ማስታገሻ እንጂ ለማቅናት እንዳልሆነች፣ ብዙ ሰዓት ካደረግኳት ጡንቻዬን እንደምታሰንፍ አስጠነቀቁኝ። ዋጋዋ ቅድም ከነገርኳችሁ ጋር አይቀራረብም። በጀሶ ልኬን ወስደው ነው የሠሯት። ጠርዟን በሙቀት እያለሰለሱ ወደ ውጭ ከቀለበሷት በኋላ እጅጌያቸውን ሰብስበው በክንዳቸው ውስጠኛ ቆዳ ላይ ዙሪያዋን አስኬዱት። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና እንደገና አሞቁት። «እኔን ከቆረቆረኝ አንቺንም ይቆረቁርሻል» አሉ። እስካሁን አልቆረቆረችኝም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እማዬ ስምዎን ሳታነሳ ጸሎት አትጨርስም።

ልጆች ላላችሁ አደራ። ልጃችሁ እግሩን ገጥሞ፣ እጁን አንጠልጥሎ ወደፊት ይጎንበስና ከኋላ እዩት። አንዱ የጀርባ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሳትዘገዩ አሳዩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት አለ። ብሬስ ካደረጉት ታዳጊዎች 72 ከመቶው ኦፕራሲዮን የሚታሰብበት ደረጃ ሳይደርሱ እድገታቸውን ጨርሰዋል፤ ካላደረጉት ግን 48 ከመቶው ብቻ ናቸው። በቀን ብዙ ሰዓት ያደረጉት ደግሞ የበለጠ ተጠቅመዋል። ለእኔ ያለፈኝ ለልጆቻችሁ አይለፋቸው።

እንደኔ አዋቂ የሆናችሁ፣ ወይ በኦፕራሲዮን ያስፈራሯችሁ ወይ በብሬስ ያታለሏችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እኚህን ሰው አናግሯቸው። ደግሜ እላለሁ፣ አናግሯቸው። ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ስልካቸውንና አቅጣጫውን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ሰው ይቀንሳል። ከክልል የምትመጡ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ልኬትና ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። የድሮ ራጃችሁን እንዳትጥሉ፣ ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለልኬቱ ስስ ካኔተራም ያዙ።