ለእንጨት ቅርጽ የሚሆን ቀጭን ብሩሽ፦ ውዱ ኮሊንስኪ ከናይለኑ ጋር ሲመዘን

ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ «ቀጭን ብሩሽ አለ?» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የተማሪ ፓኬት ነው። ለትምህርት ቤት ሥዕል ይበቃል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ልጓም፣ ለመስቀል ሐረግ ወይም ለረከቦት ጠርዝ ጌጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። እዚህ የምንመዝነው ሦስት ብሩሾችን ነው፦ የእንግሊዙ የሥዕል መሣሪያ አምራች ዊንዘር ኤንድ ኒውተን የሚያመርተውን ሲሪስ 7፣ ጥሩ የሚባለውን ክብ የናይለን ብሩሽና ጸጉረ ረጅሙን የመስመር ብሩሽ። የተማሪው ፓኬትም የራሱ ቦታ አለው።

በሲሪስ 7 እንጀምር። በ1866 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬም ከገበያ አልጠፋም። ጸጉሩ ኮሊንስኪ የሚባለው ነው፤ ከሳይቤሪያና ከአካባቢዋ ሸለምጥማጥ መሰል ትንሽ አውሬ ጅራት የሚወሰድ። ዋጋው የሚያስደነግጥ ቢሆንም ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ጸጉር መሐሉ ወፈር ብሎ ጫፉ ይሾላል፤ አንድ ላይ ሲታሰር ብሩሹ ሆድ ያወጣል። ሆዱ ቀለም ይይዛል፣ ጫፉ ቀጭን መስመር ይሰጣል፣ ተጭናችሁ ስታነሱትም ወዲያው ወደ ሹልነቱ ይመለሳል። አንድ ሐረግ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣው በዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠን ቁጥሩ ነው። ሥራው ጥቃቅን ስለሆነ ከ1 በጣም የምታንሰውን ሦስት ዜሮ (000) ይገዛል። ሦስት ዜሮ ግን ሆድ የላትም፤ የጫነቻት ጠብታ እንጨቱ ጋ ሳትደርስ ጫፏ ላይ ትደርቃለች። ሹል ጫፍ ያለው 1 ቁጥር ከሦስት ዜሮ እኩል የቀጠነ መስመር ያወጣል፤ በአንድ ጭነትም ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ከሲሪስ 7 «ሚኒየቸር» የሚባለው አጭር ጸጉርም ለእንጨት ቅርጽ አይመከርም፤ ለዓይን ብሌን ካልሆነ ያው የቀለም ማነስ ችግር አለበት። ቁጥር ሲታይ ሌላም ነገር ይታሰብ፦ የአንዱ አምራች 1 የሌላው 2 ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ሳይሆን ጫፉን እዩ።

ኮምቦልቻ ላይ የመድረቁ ነገር ይብሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ቀዝቀዝ ብላ ስትቀመጥ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱ አክሪሊክን (በውሃ የሚበጠበጠውን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ብሩሽ ላይ እንዳለ ያደርቀዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ዝርግ ሳህን ላይ ውሃ የጠጣ ሶፍት አንጥፉ፣ ከላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ፣ ቀለሙን እዚያ ላይ በጥብጡ። ሳህኑ ከተከደነ ቀለሙ ለሰዓታት አይደርቅም።

አሁን ወደ ናይለኑ። ጥሩ ናይለን አዲስ ሳለ ከኮሊንስኪው ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ጫፉ ወደ አንድ ጎን ይቆለመማል፣ ከዚያ በኋላ መስመሩ እጃችሁ ወደሚለው ሳይሆን ብሩሹ ወደሚለው ይሄዳል። የተቆለመመውን ሙቅ ውሃ ውስጥ (የፈላ አይደለም) ለጥቂት ሴኮንድ ነክሮ በጣት ማቅናት ይቻላል፤ ዳግም መቆልመሙ ግን አይቀርም። ቢሆንም ናይለኑ የግድ የሚያስፈልግበት ሥራ አለ። የወርቅና የብር ቀለም ውስጥ ያሉት የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ጸጉር ሥር ገብተው ይቀራሉ፤ ለእሱ ናይለን። ያልተለሰነ ሻካራ እንጨት ላይም ናይለን፤ ሻካራ እንጨት የኮሊንስኪን ጫፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቀለም መበጥበጥ፣ ማስቲሽ መቀባትና ጎድጓዳ መሙላት ደግሞ ለተማሪው ፓኬት ይተው።

ረከቦት ለሚያስጌጥ ሰው ግን ሁለቱም አይደሉም፤ የመስመር ብሩሹን ይግዛ። ጸጉሩ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጠርዙን ተከትሎ ረጅም መስመር በአንድ እስትንፋስ ያወጣል፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ረጅሙ ጸጉር ይውጠዋል። ናይለኑ ይበቃል። የቀለሙ ቅጥነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፦ ወፍራም ከሆነ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ይፈሳል። ወረቀት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ሳይቋረጥ ከሄደ ትክክል ነው።

ብሩሽ የሚታማበት ጥፋት ግማሹ የእንጨቱ ነው። ዋንዛ ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ሳይለሰን ከተቀባ ቀለሙ በእንጨቱ መስመር ገብቶ ይሰራጫል፣ የሳላችሁት ቅንድብ ጸጉር ያወጣል። በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ ጭረቱ እንዲነሳ አድርጉ፣ ሲደርቅ በ320 ድገሙ። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ቪናቪል (ነጩ የእንጨት ማጣበቂያ) ወይም የአክሪሊክ ማስቲሽ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ በመሐሉ ይድረቅ። እንጨቱ በአግድም የተቆረጠበት ገጽታ፣ ለምሳሌ የመስቀል ጫፍ፣ የበለጠ ስለሚመጥ ሦስተኛ ይጨመርለት። ወይራ በተቃራኒው ጠጣርና ቅባታም ነው፤ በስፒሪቶ ካልተጠረገ ቀለሙ ቆይቶ ይላጣል።

ቅርጽ ላይ ሲሳል ከጎድጓዳው ይጀመራል። ጠቆር ያለ ቀጭን ቀለም ወደ ጎድጓዳው ይለቀቅና ከፍ ያለው ገጽታ ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠረጋል። ከፍ ያለውን ጠርዝ ለማብራት ጫፉን ሳይሆን የብሩሹን ጎን ጠርዙ ላይ አግድም ማስኬድ ይሻላል፤ ጠርዙ ራሱ መስመሩን ይመራል። ብሩሹን እስከ ግማሽ ጸጉሩ ብቻ ንከሩ፣ ወረቀት ላይ እያሽከረከራችሁ ትርፉን አራግፉ፣ ትንሿን ጣት ቅርጹ ላይ አስደግፉ። ለዓይን መጀመሪያ ነጩ፣ ሲደርቅ ብሌኑ። ብሌኑን ከላይኛው ሽፋሽፍት ጋር ማስነካት ይገባል፤ መሐል ላይ ብቻውን ከተንሳፈፈ ጻድቁ የደነገጠ ይመስላል።

ሲሪስ 7 ላይ ያለን ቅሬታ አክሪሊክን አለመውደዱ ነው። ጥፋቱ የብሩሹ ብቻ አይደለም፤ አክሪሊክ አንገቱ ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ጸጉሩን ይፈለቅቃል፣ ጫፉ ለሁለት ይከፈላል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። በሥራ መሐል ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ የገላ ሳሙና መዳፍ ላይ እያሽከረከሩ አረፋው እስኪነጣ ማጠብ ነው። ሙቅ ውሃ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማጣበቂያ ያላላል፤ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና የጸጉሩን ቅባት ይጨርሳል። ጽዋ ውስጥ በጫፉ ማቆም አይታሰብም። ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚያወጡት ከሆነ ደግሞ በደንብ ደርቆ በተከደነ ሳጥን ይቀመጥ፤ የእንስሳ ጸጉር ነውና ብል ይበላዋል፣ ናይለኑን ግን አይነካውም።

መግዛቱ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሲሪስ 7 ደሴ መደርደሪያ ላይ አይጠበቅም፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ነው። «ኮሊንስኪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ፓኬት ሁሉ ኮሊንስኪ አይደለም። አንድ ጸጉር ነቅላችሁ በክብሪት ብታነዱት እውነተኛው የተቃጠለ ላባ ይሸታል፣ ናይለን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። አዲስ ብሩሽ በሙጫ ደርቆ ሹል ሆኖ ስለሚሸጥ ደረቁን ማየት አያታልላችሁ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ውሃ ንከሩት፣ ሙጫው ይሟሟ፣ አንድ ጊዜ እርገፍ አድርጉት። በአንድ ጫፍ ከተሰበሰበ ያዙት፤ ሁለት ጫፍ ካወጣ፣ ወይም አንድ ጸጉር ከጎን ከወጣ፣ ተዉት። ይህ ፈተና ለናይለኑም ይሠራል፤ ከአንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ ጥሩውና መጥፎው ተቀላቅሎ ይገኛል።

ፍርዳችን፦ ሙሉ ስብስብ አትግዙ። ሥዕል የሚበዛበት ቅርጽ የሚሠራ አንድ ሲሪስ 7 በ1 ቁጥር፣ ሁለት ናይለን በ1 እና በ2 ይያዝ። ረከቦትና ወንበር ብቻ የሚያስጌጥ ውዱን ይተወውና በዚያው ገንዘብ ጥሩ ቫርኒሽ ይግዛ፤ ትኩስ ስኒና የፈሰሰ ቡና የሚያበላሹት ያልተሸፈነውን ቀለም ነው። ከብሩሹ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ቱቦ አትጣሉት፤ ሲገባ ግን ጸጉሩን እንዳያጥፍ በጥንቃቄ ይሁን፣ አንድ የታጠፈ ጸጉር ጫፉን ያበላሻል።