ቬዝሌ እና ኮንክ፦ ሁለት የፈረንሳይ መንደሮች በንጽጽር

በመካከለኛው ዘመን ወደ ስፔኑ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚያመሩ ተሳላሚዎች ካረፉባቸው የፈረንሳይ መንደሮች መካከል ቬዝሌና ኮንክ ተደጋግመው ይነሣሉ፤ አቀማመጣቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። በቡርጎኝ የምትገኘው ቬዝሌ በኮረብታ ጫፍ ላይ ስለተቆረቆረች ከሩቅ ትታያለች። በደቡብ፣ በአቬይሮን ያለችው ኮንክ ደግሞ ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ስለተሸሸገች እስኪቀርቧት ድረስ አትገለጥም።

ቬዝሌ የመግደላዊት ማርያም ዐፅም በእኔ ዘንድ አለ በማለቷ ገነነች፤ እ.ኤ.አ. በ1146 መነኩሴው የክሌርቮው በርናርድ ሁለተኛውን የመስቀል ጦርነት የሰበከው በዚያ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1279 የቅድስቲቱ ዐፅም በፕሮቫንስ ተገኘ ሲባል የተሳላሚዋ ቁጥር ቀነሰ።

የኮንክ ታሪክ ይበልጥ ያስደንቃል። መነኮሳቷ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሰማዕቷን የቅድስት ፎይን ዐፅም ከአዠን ከተማ ሰርቀው እንዳመጡ ትውፊቱ ይናገራል፤ በወርቅ የተለበጠው የቅድስቲቱ ምስልም፣ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ነዋሪዎቹ የገዳሙን ሀብት ስለደበቁት፣ ዛሬም እዚያው ይታያል።

የሁለቱም መንደሮች አብያተ ክርስቲያናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክፉኛ ተጎድተው ሳለ የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና ተቆጣጣሪ የነበረው ፕሮስፔር ሜሪሜ እንዲታደሱ ተከራክሯል። በሕንፃው ውስጣዊ ብርሃን ቬዝሌ ትበልጣለች፤ እኔ ግን ነዋሪዎቿ ቅርሳቸውን በገዛ እጃቸው ያተረፉላትን ኮንክን አስቀድማለሁ።