የድሮ የፈረንሳይ ሳይክል ልትገዙ ነው? ከታች ያለውን ብሎን ሳታዩ አትክፈሉ

ፈረንሳይ ያላችሁ ወገኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ፔዦ፣ ሞቶቤካን ወይም ዢታን ከሰው እጅ ልትገዙ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ።

ማስታወቂያው «ቧቲዬ ደ ፔዳልዬ» አዲስ ነው ይላል። ፔዳሎቹ የሚያዞሩት ዘንግ ከነኩሽኔታው ተቀይሯል ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን ምን ዓይነት ተገጠመ? «ፓ ፍራንሴ» ወይስ «ፓ አንግሌ»? ማለትም የፈረንሳይ ጥርስ (የብሎኑ ጠመዝማዛ መስመር) ወይስ የእንግሊዝ?

የፈረንሳዩ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ጥርሱ በየ1 ሚሊሜትሩ ነው። ዛሬ በየሱቁ በርካሽ የሚገኘው የእንግሊዙ 1.37 ኢንች ነው፣ 34.8 ሚሊሜትር ገደማ፤ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። በዚያ ላይ የእንግሊዙ የቀኝ ጎን በግራ ዙር ነው የሚጠብቀው፤ የፈረንሳዩ ግን ሁለቱም ጎን በቀኝ ዙር። በጉልበት ካስገቡት የፍሬሙን ጥርስ ይበላዋል።

አንድ ወንድማችን የገዛው ፔዦ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሲረግጠው ይንቋቋል። ባለሙያ ሲፈታው የቀኙ ጥርስ ተላልጦ አልቋል። ሻጩ ስልክ አያነሳም። ሳይክል እያደሰ የሚሸጥ ሰው ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ ያናድዳል።

እናም ከመክፈላችሁ በፊት «ኩቬቱ» ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በፎቶ አስልኩ። ኩቬት ማለት ዘንጉን ከዳርና ከዳር የያዘው ክብ ብሎን ነው። 35 በ1 ከሆነ የፈረንሳይ ነው። 1.37 በ24 ከሆነ የእንግሊዝ፣ 36 በ24 ከሆነ የጣሊያን። ዘንጉ የሚገባበትን የፍሬም ቱቦ ወርድ ለክቼ አውቃለሁ አትበሉ፤ የፈረንሳዩም የእንግሊዙም 68 ሚሊሜትር ነው። 70 የሆነው የጣሊያኑ ብቻ ነው። አንዳንድ ሞቶቤካን ደግሞ የስዊስ አለው፦ ልኩ እንደ ፈረንሳዩ 35 በ1፣ የቀኙ ዙር ግን እንደ እንግሊዙ። የ1980ዎቹ ከሆነ ከፋብሪካው የእንግሊዝ ጥርስ ይዞ የወጣም አለ፤ እሱ ችግር የለበትም።

ጥርሱ የተበላ ፍሬም በጣሊያኑ 36 ልክ እንደገና ሊወጣለት ይችላል። መሣሪያው ግን በየጋራዡ የለም፤ ሒሳቡም ርካሽ ሳይክል ከገዛችሁበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ፔዳሉንም እዩ። የድሮው የፈረንሳይ ፔዳል 14 በ1.25 ነው፤ የዛሬው 9/16 ኢንች። የዛሬውም በግድ ይገባና ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ያበላሻል።

ሻጩ ፎቶ አልልክም ካለ ተዉት። ሌላ ሳይክል አይጠፋም።