«ማሪን ነው» ሲሏችሁ ጎኑን ሳታዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ውሃ ለሚነካው ሥራ መርካቶ «ማሪን» የሚባለውን፣ ለጀልባ የሚሆን ኮምፔርሳቶ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብባችሁ ውጡ።

እኔና ጓደኞቼ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የምንቀዝፋት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ጀምረናል። አጠና ተራ አካባቢ አንድ ነጋዴ «ኦሪጅናል ማሪን ነው፣ ውሃ አይነካውም» ብሎ ጥቁር ልባስ ያለው ኮምፔርሳቶ አወጣልን። ቀብድ ተቀበለ። አናጢያችን ግን አላመነም። ከጥጉ ቁራጭ አስቆርጦ ቤቱ ወሰደና ድስት ውስጥ ጨመረው። ጥቂት ሰዓት ፈልቶ ሲወጣ ንብብሮቹ እንደ ረጠበ ካርቶን ተላቀቁ። መሃሉ ላይ የእስክርቢቶ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ከላይ ግን ያብረቀርቃል፣ ምኑም አያስታውቅ።

ያ ልባስ ያለው ኮምፔርሳቶ የኮንክሪት ፎርምወርክ (ኮንክሪት ሲፈስ ቅርጹን የሚይዝ ሰሌዳ) ነው። ሲሚንቶ እንዳይጣበቅበት ተብሎ የተሠራ። ሲሚንቶ ያልያዘው ነገር ኢፖክሲ (እንጨት ከውሃ የሚታሸግበት ሙጫ) እና ቀለምም በደንብ አይዘውም። ለቤት ሠሪ ምንም አይልም፤ ለጀልባ ግን አይሆንም።

የማሪን ኮምፔርሳቶ የታወቀው ደረጃ የእንግሊዞቹ ቢኤስ 1088 ነው። ገጹ ራቁቱን እንጨት ነው፣ ሙጫው ፈላ ውሃ ይችላል፣ መሃሉም የጎላ ክፍተት አይፈቀድለትም። ማህተሙን ብቻ አትመኑ፤ ማህተም ማንም ይመታል። አራቱንም ጎን በብርሃን እዩ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ፣ ቁራጭ ለምናችሁ ቀቅሉ። ቁራጭ የማይሰጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ። «ውሃ አይነካውም» የሚባለውም ለእውነተኛው እንኳ ውሸት ነው። ብዙ ጊዜ ከኦኩሜ ነው የሚሠራው፣ ኦኩሜ ደግሞ ቶሎ የሚበሰብስ እንጨት ነው። ጠርዙ ሳይቀር በኢፖክሲ ካልታሸገ ዋጋ የለውም።

ብሎንም እንዲሁ። «ነሐስ» ያሏችሁን በማግኔት ሞክሩት። ከሳበው ቀለም የተቀባ ብረት ነው።

ነጋዴው አሁን «ቀብድ አይመለስም» ብሎናል። የሚያናድደው ደረሰኙ ነው፤ «እንጨት» ብቻ ነው የሚለው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ ጥራት ማሳሳትን ይከለክላል፤ ግን «ማሪን ብሎ ሸጠልኝ» የምትሉበት ወረቀት ከሌለ በምን ታስረዳላችሁ? ስለዚህ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት የዕቃው ዓይነት፣ ደረጃና ውፍረት ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

ጎኑ ንጹህ የሆነ ማሪን የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙን።