ከዚራ የሚገኝ አንድ የኅትመት ቤት፦ ቀለሙ ግሩም፣ ማሸጊያው ደካማ

ለማይክሮባዮሎጂ ተማሪዎቼ የግድግዳ ሥዕል ያሳተምኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ከውስጠኛው ሽፋን ወዲያ እንዴት እንደሚሻገሩና እንደሚታጠፉ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሠራተኛዋ እየጠየቀች ነው የሠራችው፤ «መምህር፣ ይህች ቀስት ወደ ውጭ ናት ወይስ ወደ ውስጥ?» የሚል ሰው በኅትመት ቤት ብዙ አይገኝም።

ሴክ በተባለው መተላለፊያ ያልታጠፈው ፕሮቲን እንደ ክር ሲሾልክ፣ ሴክ ኤ የተባለው ገፊ ፕሮቲን ኤቲፒን (የሕዋስ ኃይል ሰጪ ሞለኪውል) እየተጠቀመ ሲገፋው፣ ታት የተባለው ሌላው መተላለፊያ ደግሞ የታጠፈውን እንዳለ ሲያሳልፍ ከኋላ ወንበር ሳይቀር ይታያል። በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያለውን ክፍተት በሐመር ቢጫ ለይታዋለች። እዚያ ኤቲፒ የለም (ተማሪ ሁሉ ፈተና ላይ የሚስተው ይህንን ነው)፤ ስለዚህ ሰር ኤ የተባለው አጃቢ ያለ ኤቲፒ እገዛ ፕሮቲኑን ከመጣበቅ ጠብቆ፣ በውጨኛው ሽፋን ላይ ለሚተክለው፣ ባም ለተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ያስረክበዋል። ዲኤስቢ ኤ የተባለው ኢንዛይም ሲስቴይን በተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች መካከል የሰልፈር ድልድይ ሲሠራም በቀይ ጎልቶ ወጥቷል።

ጉድለቱ የፕላስቲክ ማሸጊያው ነው፤ ያብረቀርቃል፣ በድሬ ሙቀትም ጠርዙ ተላቀቀ። ዋጋው ያከራክራል፣ ግን ይቀንሳሉ። በማለዳ ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ በሩ ዝግ ነው።