ጎልድ ስታር ነው ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ቁጥሩን ሳታጣሩ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍሉ

ሰላም ወገኖቼ። እንግሊዝ ያላችሁም፣ ሌላ አገር ሆናችሁ የድሮ የእንግሊዝ ሞተር፣ በተለይ ቢኤስኤ የሚባለው ድርጅት የሰራትን ጎልድ ስታር፣ ለመግዛት የምታስቡም ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ረጅም ናት ግን 14,500 ፓውንድ አስከፍላኝ ትንሽ ቢቀራት ነፍሴንም ልትወስድ የነበረች ነገር ስለሆነች ታገሱኝ።

እኔ የምኖረው በርሚንግሃም ነው። የቢኤስኤ ፋብሪካ የነበረው እዚሁ ከተማ ስሞል ሂዝ ሰፈር ነው፣ መጀመሪያ ጠመንጃ የሚሰራ ድርጅት ነበር ኋላ ነው ወደ ብስክሌትና ወደ ሞተር የገባው። ከሰሩት ሁሉ ለኔ ጎልድ ስታርን የሚያህል የለም። 1937 ላይ ዋል ሃንድሌይ የሚባል ተወዳዳሪ ብሩክላንድስ በሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ በቢኤስኤ ከ100 ማይል በሰዓት በላይ ዙሩን ጨረሰና ለዚህ ፍጥነት የሚሰጠውን የወርቅ ኮከብ ባጅ አገኘ፣ የሞተሩ ስም የመጣው ከዛ ነው። 1956 ላይ ደሞ በርናርድ ኮድ የሚባል ተወዳዳሪ አይል ኦፍ ማን ደሴት ሄዶ ክለብማን ቲቲ የሚባለውን ውድድር ሁለቱንም ምድብ፣ ጁኒየሩንም ሲኒየሩንም፣ በጎልድ ስታር ጠራርጎ ወሰደው። ያ ውድድር እኮ ማንም ሰው ሱቅ ሄዶ ገዝቶ መንገድ ላይ በሚነዳው አይነት ሞተር የሚደረግ ነበር፣ ለዛ ነው ሰዉ ልቡ የጠፋው። ዲቢዲ34 የምትባለዋ የመጨረሻዋ 499 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ሆና 110 ማይል ገደማ ትሄዳለች፣ 1963 ላይ ምርቷ ቆመ፣ ዛሬ ዋጋዋ ውድ ነው።

ዋጋ ባለበት ደሞ አጭበርባሪ አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ምን መሰላችሁ፣ ቢኤስኤ በዛው ዘመን ቢ31 እና ቢ33 የሚባሉ ተራ ሞተሮች ይሰራ ነበር፣ ሰራተኛው ፋብሪካ የሚሄድባቸው ጨዋ ሞተሮች። ቢ33 ልክ እንደ ጎልድ ስታር 499 ሲሲ ነው፣ የፒስተኑ ስፋትና ምቱም አንድ ነው፣ 85 በ88 ሚሊሜትር፣ ልዩነቱ የቢ33 ሲሊንደር ብረት ነው የጎልድ ስታር ደሞ ትልቅ የአሉሚኒየም። ሻንሲውም ከሩቅ ሲያዩት መንታ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የቢ31 ሻንሲ ይዞ፣ ክሮም የተለበጠ ታንከር ከነባጁ ገዝቶ፣ ዝቅ ያለ መሪ አስሮ፣ ኢንጂን ፈላልጎ ከገጠመ በግማሽ ዋጋ የሰራውን በሙሉ የጎልድ ስታር ዋጋ ይሸጥላችኋል።

እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ለአራት አመት ኦቨርታይም ሰርቼ እቁቤንም ጨምሬ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ ነው የሄድኩት። ሻጩ እድሜው ጠና ያለ፣ ሻይ አፍልቶ የሚቀበል፣ ግድግዳው ላይ የድሮ ውድድር ፎቶ የሰቀለ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ ሌላ አራት ሞተር ቆሟል፣ የግል ስብስቤ ነው አለኝ። 1958 የተሰራች ዲቢዲ34 ክለብማን፣ ማለትም ለዛ ውድድር የተዘጋጀችው አይነት፣ ሊብሬዋ ንጹህ፣ ኤምኦቲ የሚባለው አመታዊ ምርመራ አያስፈልጋትም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከ2018 ጀምሮ እዚህ አገር 40 አመት ያለፈው ተሽከርካሪ በመሰረቱ ካልተቀየረ አመታዊ ምርመራ አይገደድም። ግን ይሄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላሰብኩትም፣ ለአመታት አንድም የሚመለከተው ሰው አልነካትም ማለት እኮ ነው።

ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳኋት። ቀጥ ያለ መንገድ፣ 40 ማይል፣ ጸጥ ያለች፣ መሪዋ ትንሽ ከበድ የምትል። ልቤ ሄዶ ነበር በቃ። ሁለት ምልክት ግን አይኔ ስር ነበረ። አንደኛው መሪዋ መሀል ላይ ያለችው ጥቁር ማጥበቂያ ናት፣ እሷ ስትጠብቅ ከስር ያሉትን ጠፍጣፋ ዲስኮች እርስ በርስ ታጣብቅና መሪው በቀላሉ እንዳይዞር ታደርጋለች፣ ለውድድር ጎርበጥባጣ ላይ መሪው እንዳይንቀጠቀጥ ነው የተሰራችው። እስከ መጨረሻው ጠብቃ ነበር። ሁለተኛው ማርሹ ነው። ሻጩ አርአርቲ2 ካምቢዮ ነው ያላት ብሎኛል፣ የውድድሩ ማለት ነው፣ እውነተኛው አርአርቲ2 አንደኛ ማርሹ በጣም ረጅም ስለሆነ ከቆማችሁበት ስትነሱ ፍሪሲዮኑን ለረጅም ጊዜ ግማሽ ይዛችሁ እያንሸራተታችሁ ነው የምትነሱት፣ ከተማ ውስጥ ፈተና ነው። ይቺ ግን እንደ ፖስታ ቤት ሞተር ለስለስ ብላ ተነሳች። እኔ ደሞ እንዴት ያለች ገራም ናት ብዬ ደስ አለኝ።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ሌስተርሸር ማሎሪ ፓርክ ለክላሲክ ሞተር ትራክ የሚከፈትበት ቀን ነበር፣ ከፍዬ ገባሁ። መሪው ስለከበደኝ ማጥበቂያዋን አላላኋት። ማሎሪን የማታውቁት፣ ከመነሻው ቀጥታ እንደወጣችሁ ጄራርድስ የሚባል የማያልቅ የቀኝ ኩርባ አለ፣ ሞተሩን አጋድማችሁ ጋዙን ይዛችሁ ዝም ብላችሁ የምትቆዩበት ቦታ፣ ሻንሲ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሌላ ምስክር አያስፈልግም እዛ ይነግራችኋል። ሶስተኛው ዙር ላይ 80 ማይል አካባቢ ስደርስ ኋላዋ አንድ ጊዜ ላላ አለና ተመለሰ። ጎማው ነው አልኩ። ቀጥሎ እንደገና፣ አሁን ሰፋ ብሎ፣ አሳ ውሃ ውስጥ ጅራቱን እንደሚያወዛውዘው ከወገቧ በታች ግራ ቀኝ ትል ጀመር፣ መሪው ደሞ በእጄ ውስጥ በተቃራኒው ይሄዳል። ጋዝ ስቀንስ ባሰባት። ፍሬን ብይዝ እንደምወድቅ ገብቶኛል። ሞተሩን ቀስ ብዬ ቀና አድርጌ ሳሩ ላይ ለቀቅኳት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ከኋላዬ ሰው አልነበረም። ሄልሜቴን ሳወልቅ እጄ ማሰሪያውን መፍታት አቅቶት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ እድሜውን ሙሉ ቢኤስኤ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሽማግሌ መካኒክ አለ። ሲያያት አልፈታም፣ ሲባጎ ነው ያወጣው። ሲባጎውን የኋላው ጎማ ላይ አዞረና በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ወጠረው፣ የፊቱ ጎማ መሀል ላይ መሆን ነበረበት። 11 ሚሊሜትር ወደ ግራ ወጥቶ ነበር። ሞተር እኮ የኋላው የፊቱን ዱካ ካልረገጠ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ማለት ዘበት ነው፣ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ሰውነታችሁ ያስተካክለዋል አይታወቃችሁም፣ ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትገቡ ነው የሚያፈርሳችሁ። ከዛ የኋላ ጎማ መያዣውን ክንድ ይዞ ግራ ቀኝ ሲገፋው ቋ ቋ አለ፣ ውስጡ ያለው የላስቲክ ቡሽ አልቋል። የመሪው ኩሽኔት ደሞ መሀል ላይ ጎድጉዶ ይይዛል። ማጥበቂያዋ ለምን እንደጠበቀች ያኔ ገባኝ፣ ይሄን ሁሉ ጉድ ደብቃ የያዘችው እሷ ናት።

ግን ዋናው ገና ነበር። የጎልድ ስታር ሻንሲ የታችኛው የቀኝ ቱቦ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ጉብጠት አለችው፣ የኢንጂኑ የዘይት ፓምፕ ትልቅ ስለሆነ ለሱ ቦታ ለመልቀቅ ፋብሪካው ራሱ የሰራት ናት። ተራዎቹ ሻንሲዎች የላቸውም። የኔ ላይ ጉብጠቷ ነበረች፣ ስገዛም በእጄ ዳስሻት ተደስቻለሁ። ሽማግሌው ባትሪ አብርቶ ተንበረከከና ጣትህን እዚህ አድርግ አለኝ። ቱቦው ለስላሳ ሆኖ የታጠፈ አይደለም፣ ተጨፍልቋል። ቀለሙን በምላጭ ሲፍቀው ከስሩ ስቱኮ ወጣ፣ ከስቱኮው ስር የመዶሻ ምት፣ በእሳት የነደደ ብረት፣ ጠርዙ ላይ ደሞ እንደ ጸጉር የቀጠነች ስንጥቅ። አንድ ሰው ተራ ሻንሲ ላይ ቱቦውን በጋዝ አግሎ በመዶሻ ቀጥቅጦ የጎልድ ስታር መልክ ሰጥቶታል። እኔ በዛ ስንጥቅ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ጄራርድስ የገባሁት። ከአህያ ቆዳ የተሰራ ቤት ጅብ ሲጮህ ይፈርሳል ይባል የለ።

የሻንሲ ቁጥሩን ደሞ እዩልኝ። የዲቢዲ34 ሻንሲ ቁጥር በሲቢ32 ነው የሚጀምረው። የኔም ሲቢ32 ይላል፣ ሊብሬውም ላይ እንደዛው። ሽማግሌው ቀለሙን በኬሚካል አነሳና ማጉያ መስታወት ሰጠኝ፣ 2ቷ ከሌሎቹ ትንሽ ጠልቃ ተመታለች፣ መሀሏ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ቆማለች። 1 ናት። ሲቢ31 የሚለው የተራው ሞተር ቁጥር ነው፣ አንድ ምት ጨምረው ነው አስር ሺህ ፓውንድ ያወጡባት።

ኢንጂኑ ግን እውነተኛ ነው፣ ዲቢዲ34ጂኤስ የሚለው ማህተም የፋብሪካው ነው። የሚያታልለውም ይሄ ነው፣ ሰዉ ኢንጂኑን አይቶ አምኖ ይሄዳል። ቢኤስኤ የጎልድ ስታርን ኢንጂንና ሻንሲ አንድ አይነት ቁጥር አልሰጣቸውም፣ ከመጀመሪያውም ይለያያሉ፣ ስለዚህ አለመመሳሰላቸው ምንም አይነግራችሁም። የትኛው ኢንጂን በየትኛው ሻንሲ ላይ ሆኖ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያሳየው የፋብሪካው የመላኪያ መዝገብ ብቻ ነው፣ በባለቤቶች ክለቦች በኩል ማጣራት ይቻላል። እኔ ከገዛሁ በኋላ ጠየቅኩ፣ መልሱ መጣ፣ ኢንጂኔ በሌላ ሻንሲ ላይ ሆኖ ወደ አሜሪካ የተላከ ነው። ይሄን ኢሜይል ከመግዛቴ በፊት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍላችሁም ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሻጩ ሁለቱንም ቁጥሮች በፎቶ ይላክላችሁ፣ ቀለም ያልተደፋበት ቅርብ ፎቶ፣ እምቢ ካለ ጥሉት። ፎቶውን ለክለብ ላኩና መልስ ሳታገኙ ቀብድ እንዳትሰጡ፣ ሌላ ገዢ ዛሬ ማታ ይመጣል ቢላችሁም ይምጣ። ስታዩት በቀን እዩት፣ ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ግቡ፣ የቀኙን ቱቦ በጣታችሁ ተከተሉት። ሲባጎ ሁለት ፓውንድ አያወጣም፣ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ከመንዳታችሁ በፊት የመሪውን ማጥበቂያ ሙሉ በሙሉ አላሉት፣ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ መሪውን በአንድ ጣት ግፉት፣ መሀል ላይ ከያዘ አልቋል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፣ ሳምንቱና አመቱ ነው፣ የኔ ጥርሱ ያማረ ጎማ 17 አመቱ ነበር። ሮኬት ጎልድ ስታር የምትባለዋንም፣ ያቺ ባለ ሁለት ሲሊንደሯ በ1962 እና 63 የወጣችውን፣ በዚሁ አይን እዩዋት፣ እሷማ ኤ10 ከሚባለው ተራ የቢኤስኤ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ላይ ተሰርታ ስንቱ ጋ ቆማለች።

እንዳይደናገራችሁ፣ ቢ33 መጥፎ ሞተር ነው እያልኩ አይደለም። በዋጋው በስሙ የሚሸጥ ከሆነ ደስ የሚል ጠንካራ ሞተር ነው፣ ሻንሲውም ደህና ከተያዘ ኩርባ ላይ አያሳፍርም። የጎልድ ስታር ኮፒ ሰርቶ ኮፒ ነው ብሎ የሚሸጥም አለ፣ እሱም ሃቀኛ ሰው ነው። የኔ ጠብ ብረት ቀጥቅጦ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ የሰው ልጅ ከሚያስቀምጥ ጋር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እኔ በባንክ ነው ያስተላለፍኩት። እናንተ ከነጋዴ የምትገዙ ከሆነ ቀብዱን እንኳ ቢሆን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነ የካርዱ ባንክም አብሮ ተጠያቂ ይሆናል። ከነጋዴ ሲገዙ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ህግ ጉድለት ላለበት እቃ 30 ቀን የመመለስ መብት ይሰጣል፣ ከግለሰብ ሲገዙ ያ መብት የለም፣ ለዛ ነው ሰውየው የግል ስብስቤ ነው የሚለው። ግን ግለሰብም ቢሆን ውሸት ተናግሮ ከሸጠ በዛ መክሰስ ይቻላል። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ስለ ሞተሩ የሚላችሁን ሁሉ በጽሁፍ እንዲልክላችሁ አድርጉ። እኔን ያዳነኝ አንድ ነገር ቢኖር ኦሪጅናል ሻንሲ ናት ብሎ በቴክስት የጻፈልኝ አረፍተ ነገር ነው። የይገባኛል ደብዳቤ ልኬለታለሁ፣ የ14 ቀን ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፣ ካልመለሰ ፍርድ ቤት ነው፣ ቁጥሩ የተነካካ ስለሆነ ለፖሊስም አመልክቻለሁ።

ትናንት ማታ ያው ሰው አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል። ያው ጋራዥ፣ ያው ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳ፣ ሌላ ሞተር፣ 16,000 ፓውንድ። ፎቶው ላይ መሪዋ መሀል ያለችው ማጥበቂያ ትታያለች። ሚድላንድስ አካባቢ ጎልድ ስታር ልታዩ ቀጠሮ ያላችሁ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሽማግሌውም አብሮኝ እመጣለሁ ብሏል፣ ሲባጎውን ይዘን እንመጣለን።