ሙዚቃ ወይስ ቴአትር፣ አዲስ አበባ ወይስ ክልል? የክዋኔ ጥበባት ትምህርት ቤቶች ንጽጽር

በኢትዮጵያ ሙዚቃ ወይም ቴአትር ለመማር የሚያስብ ወጣትም ሆነ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዲግሪው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ተማሪው በሳምንት ምን ያህል ሰዓት ከመምህሩ ጋር ለብቻው ተቀምጦ እንደሚማርና በዓመት ስንት ጊዜ ተመልካች ፊት እንደሚቀርብ። የሚከተለው ንጽጽር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለማን እንደሚስማማ ያሳያል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አመልካቹ ራሱ በየትምህርት ቤቱ ጠይቆ ማወቅ አለበት።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአገሪቱ ከሁሉም የቆየ ስም ያለው ነው። ሕንፃው በቡልጋሪያ እርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ቀደምት መምህራኑም በአብዛኛው ከዚያው አገር በመምጣታቸው ትምህርቱ በአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ሥርዓት ተቀርጿል፤ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ተነሥቶ ትምህርቱን በሶፊያ መቀጠሉ የዚሁ ትስስር ውጤት ነው። ከፒያኖ፣ ከቫዮሊን፣ ከክላርኔትና ከትራምፔት ጎን ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ይሰጣሉ፤ የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋም እዚያ አስተምረዋል። ኖታ አንብቦ መጫወት፣ በኦርኬስትራ ውስጥ መሥራት ወይም የባህል መሣሪያን በሥርዓት አጥንቶ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም። ሆኖም የመሣሪያ ትምህርት ከእጅና ከጆሮ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ተማሪ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ በግል መምህር ዘንድ ቢለማመድ ይበጀዋል። በስሙ ምክንያት የድጓና የዝማሬ ትምህርት የሚጠብቁ አንዳንድ አመልካቾች አሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በምልክቱ እስከ ማስመስከር (በመምህርነት እስከ መመረቅ) ድረስ መማር የሚሻ ግን መንገዱ ወደ አብነት ትምህርት ቤቶች፣ ለድጓውም ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው።

ለጃዝና ለዘመናዊ ባንድ ፍላጎት ላለው ሰው ሁለተኛው አማራጭ የመካነ ኢየሱስ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ጃዝ የሚማር ተማሪ ቅጽበታዊ የዜማ ፈጠራን፣ ኅብረ ድምፅንና አብሮ መጫወትን ከመጀመሪያው ስለሚለማመድ፣ በምሽት ቤቶች ወይም በስቱዲዮ ለመሥራት ላሰበ ጊታሪስት፣ ቤዝ ተጫዋች ወይም ድራመር ከክላሲካል ሥልጠና ይልቅ ይህ ይቀርበዋል። ቫዮሊን ወይም በገና የሚወድ ተማሪ ግን ያሬድን ቢመርጥ ይሻላል።

የቴአትር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቴአትር ጥበባት ክፍል ሆኖ የተቋቋመውና ዛሬ በጸሐፌ ተውኔቱ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ትወናን፣ አዘጋጅነትንና የተውኔት ድርሰትን በአንድ ላይ ያስተምራል። በመሆኑም ተዋናይ መሆን ብቻ የሚፈልግ ወጣት የንባቡና የጽሑፉ ብዛት ሊከብደው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ስፋት ተመራቂውን ለራዲዮ ድራማ፣ ለፊልም ጽሑፍና ለማስተማር ሥራ የሚያበቃው በመሆኑ እንደ ጉድለት አላየውም። ትልቁ ጥቅሙ አካባቢው ነው። ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር በአንድ ከተማ ስለሚገኙ፣ ተማሪው ክፍል ውስጥ የተማረውን ባለሙያዎች መድረክ ላይ ሲሠሩት በዚያው ሳምንት ማየት ይችላል። እኔ ልጄን ቴአትር ባስተምር፣ ለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ አዲስ አበባን አስቀድማለሁ።

ከዋና ከተማው ውጭ ወሎ፣ ጎንደር፣ ጅማና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ቴአትር ያስተምራሉ። ዕድሜያቸው ከአዲስ አበባው ያነሰ ቢሆንም፣ ተማሪው የሕዝቡን የክዋኔ ጥበብ ከምንጩ ያገኛል፤ ደሴ የሚማር ሰው ባቲና አምባሰል የተሰኙት ቅኝቶች ስማቸውን ካገኙበት ምድር አጠገብ ነው፤ ጎንደር ያለውም ከአዝማሪዎቹ ጋር ይኖራል። በተመልካች ተሳትፎ የሚሠራ የማኅበረሰብ ቴአትር ለሚወድ፣ ወይም በክልል ባህል ቢሮዎች ለመሥራት ላሰበ፣ እነዚህን ከአዲስ አበባው በታች ማየት ስሕተት ነው።

የማይታለፉ የወረቀት ጉዳዮችም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የተማሪ አቀባበሉና ክፍያው ስለተለወጠ፣ የቀድሞ ተማሪዎች የሚነግሩትን ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ የዓመቱን ማስታወቂያ ከሬጅስትራር ማየት ይገባል። የግል ተቋም ከሆነ፣ ፈቃዱ የሚያመለክቱበትን ዘርፍና ደረጃ የሚሸፍን መሆኑ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጣራ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱም፣ የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚያዘጋጅ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመመዝገብ በፊት ትምህርት ቤቱን በሥራ ቀን መጎብኘትን አጥብቄ እመክራለሁ። የመለማመጃ ክፍሎቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍት መሆናቸውን፣ ፒያኖዎቹ የተቃኙ መሆናቸውን፣ መሣሪያ የሌለው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ መዋስ መቻሉን፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ለልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚተዉ ከመምህራኑ ይልቅ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በግልጽ ይናገራሉ። የተመራቂዎች ማሳያ ዝግጅት በሚቀርብበት ሰሞን መሄድ ከተቻለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ ምን ዓይነት ተጫዋችና ተዋናይ እንደሚያወጣ በዓይን ማየት ይቻላል።